ከኬላው ማዶ የነበረው ቤቴ

ሞያሌ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ ስሄድ አባቴ ሻንጣዬን እስከ ታክሲ መያዣው ተሸከመልኝ። መካኒሳ አቦ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጺ ነበር፤ ብዙ አይናገርም። የዚያን ቀን ግን ታክሲው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ አጎንብሶ፣ «ሞያሌ እሺ፤ ከኬላው ማዶ ግን እግርሽ እንዳይሻገር» አለኝ።

ለምን እንዳለኝ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ በዚያው በኩል ወጣ፤ «ኬንያ ገብቻለሁ» ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አባቴ በጸሎቱ መሀል የወንድሙን ስም ሳይጠራ የዋለበት ቀን አላስታውስም።

«እሺ አባዬ» አልኩት። በሦስተኛው ወር ኬንያ ነበር የማድረው።

ምክንያቱ ተራ ነው። በእኛ በኩል የተከራየሁት ክፍል ውሃ አልነበረውም። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ከማዶ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት የቦረና ሴት ግቢ ውስጥ፣ ክፍል አገኘችልኝ። ጠዋት ሻይ በወተት ጠጥቼ፣ ኬላው ላይ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ በሃያ ደቂቃ ሥራ እገባለሁ። አብሮኝ የሚሻገረው ብዙ ነው፤ አስተማሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ወተት ሻጭ። ለእነሱ የዘወትር መንገዳቸው ነው። እኔ ግን በተሻገርኩ ቁጥር አባቴን እዋሻለሁ። አመሻሽ ላይ ይደውላል።

«ገባሽ?»

«ገብቻለሁ።»

«በር ዘጋሽ?»

«ዘግቻለሁ።»

የየትኛው አገር በር እንደሆነ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

የቤቱን ባለቤት እንደ ሰፈሩ ሰው «አዮ» እላታለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነው። ከሥራ ስመለስ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፤ ካልበላሁ አትነሳም።

እንዲህ ሆነን አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ በእኛ በኩል ተኩስ ተሰማና ኬላው ለሁለት ቀን ተዘጋ። አባቴ ወሬውን ሰምቶ በጠዋት ደወለ።

«የት ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባዬ፤ ተኩሱ እኔ ጋ አይደርስም።»

«እንዴት አይደርስም? የት ነሽ ነው የምልሽ!»

«ኬንያ።»

«ዛሬ ነው የተሻገርሽው?» አለኝ።

አዎ ብለው ኖሮ ያልፍ ነበር። «አይደለም» አልኩት። ስልኩን ዘጋው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስደውል ለታናሽ እህቴ ያቀብላታል፤ ስለ አዮ የነገርኳትም ለእሷ ነው። «ሥራ ላይ ነው በያት» ሲል እሰማዋለሁ። አንድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ራሱ ደወለና፣ ሰላምታም ሳይሰጠኝ፣ «የምታኖርሽን ሴትዮ አገናኚኝ» አለ። በወጣትነቱ ነገሌ ሠርቷልና ኦሮምኛ ይችላል። ስልኩን ለአዮ ሰጠኋት። ሰላምታው ብቻ ስንት ደቂቃ ፈጀ። አዮ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ትታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ስለ እኔ የሚያወሩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ይቆያል። ይቅር ያለኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ኬላው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ በያቤሎ አድርጎ ወደ ቤት የሚወስደውም መንገድ አብሮ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ደወለች። «አባዬ ሥራ ቦታ ወደቀ» አለችኝ። ደም ግፊቱ ነበር። ከሆስፒታል ሆና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችልኝ። «አባዬ፣ እየመጣሁ ነው» አልኩት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

ሻንጣዬን ይዤ ኬላው ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው ያውቀኛል፤ በየቀኑ የሚያሳልፈኝ እሱ ነው። «እህቴ፣ በእኔ እጅ አይደለም» አለኝ። ከቆምኩበት የክሊኒኩ ጣሪያ ይታየኛል። እስከ ቀትር ቆሜ ተመለስኩ። በማግስቱ አባቴ አረፈ።

አዮ ሰሌኑን አውጥታ ዛፉ ሥር አነጠፈች። የጎረቤት ሴቶች እየመጡ ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀመጡ። እነሱ እስላም፣ እኔ ጴንጤ፤ አንዳቸውም አባቴን አይተውት አያውቁም። አትርገጪው ባለኝ አገር ላይ ለቅሶውን ተቀመጥኩ።

መንገዱ ሲከፈት ከተቀበረ ሳምንት አልፎት ነበር። ከቃሊቲ በታክሲ ሰፈር ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፤ የእድሩ ወንበሮች ተጭነው ሄደዋል። እህቴ በሩን ከፍታ አየችኝና ለማሳለፍ ዞር አለች፤ አላቀፈችኝም። «ዓይኑን በገለጠ ቁጥር በሩን ነበር የሚያየው» አለችኝ።

ሌላውን የነገረችኝ ከቀናት በኋላ ነው። «አባዬ ደስ ብሎት ነበር እኮ። አጎታችን እዚያ አንቺ ያለሽበት ቤት ምሳ በልቶ ነው መንገዱን የቀጠለው። ሴትዮዋ፣ ደህና ነበር ብላዋለች። አባዬ ፓስፖርት አውጥቶ ወደ አንቺ ሊመጣ ነበር።»

በወሩ ዕቃዬን ላመጣ ስመለስ አዮን ጠየቅኳት። መሬት መሬት አየች።

«አላየሁም» አለች። «ብዙ ልጅ ያልፋል፣ ማን ያስታውሳል? መጀመሪያ አላውቅም አልኩት። ደግሞ ደወለ። ደግሞ። አንድ ቀን ሲያለቅስ ሰማሁ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ምን ልበል? አዎ፣ አንድ ቀይ ልጅ መጥቶ ነበር አልኩት።» ቀና ብላ አየችኝ። «ቀይ ነው?»

አጎቴ ጥቁር ነበር። አባቴ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እያወቀ እንዴት አመናት? ወይስ ማመን ብቻ ፈልጎ ነው? የምጠይቀው ሰው የለም። አዮን አልተቆጣኋትም፤ ምን ብዬ? እጇን ስሜ ተለያየን።

አሁን ከእህቴ ጋር ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን፤ የምሠራውም እዚሁ መካኒሳ ነው። ቀስ በቀስ ይቅር ብላኛለች፤ ማታ ማታ አብረን እንበላለን። ግን ክረምቱ ሲወጣ ሞያሌ እንሂድ ትለኛለች፤ የአጎታችንን ፎቶ ለሴትዮዋ እናሳያት፣ ወዴት እንዳለፈ ታውቅ ይሆናል ትላለች። አዮ እንዳላየችው እስካሁን አልነገርኳትም። ባለፈው ቅዳሜ ፎቶውን ፎቶ ቤት ወስዳ አስባዝታ መጣች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ።