ማንኪራ ላይ የተሰጣው አፈር

አርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ጅማ መናኸሪያ

ረዳቱ “ቦንጋ! አንድ ሰው ብቻ!” ይላል፤ ስንገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጭኔ ላይ የታቀፍኩት በረዶ ያለበት ሳጥን የእኅቴ የሰብለ ነው። ሰብለ አፈር ታጠናለች። ለማስተርሷ የቀራት ቦንጋ አጠገብ ካለው የማንኪራ ቡና ጫካ አሥር ከረጢት አፈር አምጥታ ሰኞ ከምሳ በፊት ላቦራቶሪ ማስገባት ብቻ ነው። ተራዋ ካለፈ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እኔ የመጣሁት ሌላ ተሸካሚ ስለጠፋ ነው።

“አፈር ፍለጋ ይህን ሁሉ መንገድ? ደጃችን ሞልቶልሽ!”

“የደጃችን አፈር እንዳንተ ደካማ ነው” አለችኝ። ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ሳቀ።

ቅዳሜ፣ ማንኪራ

ቦንጋ አድረን፣ በሞተር እየነጠርን ማንኪራ ገባን። ያስተናገዱን ጋሽ ወልዴ ቡናም ንብም አላቸው፤ ቆጮ በማር አበሉን። እሳቸው ጫካውን እየመሩ፣ ሰብለ እየቆፈረች፣ እኔ ከረጢት እየያዝኩ ዋልን። አምስቱን ከቡናው ጥላ ሥር፣ አምስቱን ከተመነጠረው ማሳ ወሰደች። የጫካው አፈር ጥቁርና ልስልስ ነው፤ የማሳው እንደ ጡብ ደርቋል።

በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉበት ትላለች። የረገፈውን ቅጠል አበስብሰው ዛፉን የሚመግቡት፣ አፈሩ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ዛፉ ሲቆረጥ ከእነሱ የትኞቹ እንደሚጠፉ ማወቅ ነው የፈለገችው። እኔ እግሬን ነበር የማስበው።

እሑድ፣ እዚያው

ጠዋት በረዶው ቀልጧል። ሳጥኑን ይዘን ሌላ በረዶ ልናመጣ ቦንጋ ስንሄድ፣ ከረጢቶቹን ቤት ውስጥ ትተን፣ “ጋሽ ወልዴ፣ እንዳይበላሽብን፣ አደራ!” አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ስንመለስ ፀሐዩ ከርሯል። የቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ጆንያ ተነጥፎ አፈራችን ተሰጥቷል፤ የጫካው ከማሳው ተደባልቆ። ጋሽ ወልዴ በመዳፋቸው እያገላበጡት ነው።

“በፌስታል ታፍኖ ሊሻግት ነበር እኮ!” አሉ ኮራ ብለው። “ቡናም እንዲህ ነው የሚበላሸው። ደረስኩለት።”

ሰብለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። አደራ ያልኩት እኔ፣ ለምን እንደሆነ ያላስረዳሁትም እኔ።

“ምን አጠፋሁ ልጄ?” አሉ ጋሽ ወልዴ ደንግጠው።

“ነፍስ ያላቸው ነገሮች ነበሩበት፤ ፀሐይ ይገድላቸዋል” አለች ሰብለ።

“ብዙ ናቸው?”

“አንድ ጭብጥ ውስጥ ያሉትን እንኳ ቆጥረው አይዘልቁም።”

እጃቸውን ከአፈሩ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። “ወይኔ! እኔ ደግሞ እያገላበጥኩ!”

ከዚያ ገጀራቸውን አነሱ። “ተነሺ። የቆፈርሽበትን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።”

እውነትም አወቁት። አንዷን ጉድጓድ አልሳቱም። ሽማግሌው ከፊት ይበራሉ፤ እኔ ሳጥኔን ታቅፌ ከኋላ አለከልካለሁ። አሥር ሰዓት ላይ አሥሩም ከረጢት እንደገና ተሞልቶ በረዶ ላይ ተኛ። የደረቀውን አፈር ግን እሳቸው አልደፉትም፤ ጫካ መልሰው ቅጠል አለበሱት።

“ይነሱ ይሆን?”

“ዝናብ ሲያገኛቸው የሚነሱ አሉ” አለች ሰብለ።

“እሰይ” አሉ፤ ቅጠል ጨመሩበት።

ሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ጅማ

ከቦንጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣን። ሰብለ ሳጥኑን ላቦራቶሪ አስረክባ እየሳቀች ስትወጣ ስልኬ ጠራ፤ ጋሽ ወልዴ ናቸው።

“መንገዱ እንዴት ነበር?”

“ደኅና ገባን ጋሽ ወልዴ፣ ብቻ ወገቤን ትንሽ…”

“ኧረ የአንተን ወገብ ተወው!” አሉኝ። “እነሱስ? በረዶው አልበዛባቸውም?”