በደጄ ይለፍ

በደርግ ጊዜ ጊንጪ ላይ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። ከአባይ ማዶ መጥቶ ጭልሞ ጫካ ውስጥ እንጨት እየሰነጠቀ የሚኖር አንድ ሰው በጠብ መሀል የባልቴት ጎረቤቴን ልጅ ገደለ። ስምንት ዓመት ታስሮ ሲመለስ «ወደ መጣበት ይሂድልን» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ።

በጊንጪ አካባቢ ጉማ የሚባል የኦሮሞ እርቅ አለ፤ የገዳይ ዘመዶች ቀርበው የሟችን ቤተሰብ ይለምናሉ። ይህ ሰው ግን የሚለምንለት ዘመድ የለውም። ሽማግሌዎቹ «ወገን የሌለው እንዴት ይታረቃል? ይሂድ» አሉ። እኔም እጄን አወጣሁ። የገዛ አያቴ ከመንዝ የመጡ ሰው መሆናቸው ያን ሰዓት ትዝ አላለኝም፤ ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ።

ውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ላይ ልጽፍ ስል የሟች እናት ተነሱ። በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ ተናገሩ።

«ልጄን ማንም የማያውቅበት አገር ሄዶ እንደ ንጹሕ ሰው ሊኖር ነው? አይሆንም። እዚሁ ይኑር። ጠዋት ጠዋት በደጄ ይለፍ፣ እንዴት አደሩ ይበለኝ፤ እኔም እመልስለታለሁ።»

 ውሳኔውን ሳልጽፍ ብዕሬን ከደንኩት።

በማግስቱ ሆን ብዬ በእሳቸው ቤት በኩል ወጣሁ። ሰውየው አጥሩ ጋ ቆሟል።  ደጃፋቸው ላይ ለነበሩት እናት በእሳቸው ቋንቋ «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ፣ አላቸው።

እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መለሱለት።