መድኃኒት የገባበት ብልቃጥ

ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። ስለዚህ የማስተርስ መመረቂያዬን ስሠራ አማካሪዬ በዕድሜ ታናሼ ነበር፤ «እትዬ» ይለኛል። ደብረ ታቦር ባለችው ጠባብ ቤተ ሙከራ ሥራዬ አንድ ነበር፦ ለዶሮ ክትባት የተዳከመ ባክቴሪያ ፕላስሚዱን እስከ መቼ ይዞ እንደሚቆይ ማየት። ፕላስሚድ ክብ የዲኤንኤ ቁራጭ ናት፤ የክትባቱ መመሪያ ያለው እሷ ላይ ነው። ለባክቴሪያው ግን ትርፍ ሸክም ናት፤ ካልተገደደ ይጥላታል። አንቲባዮቲክን የሚቋቋመውም በእሷ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ሲጨመርበት የጣለው ይሞታል፣ የያዘው ይተርፋል። ዶሮ ሆድ ውስጥ ይህን የሚያስገድደው መድኃኒት የለም። ስለዚህ እኔም ያለ መድኃኒት፣ በየቀኑ ወደ አዲስ ብልቃጥ እያዛወርኩ፣ ዐሥር ቀን ማሳደግ ነበረብኝ።

ቡሄ መሀል ላይ ገባ። ገሳይ ከተማ ያለችው እናቴ አሟት ስለነበር ማዛወሩን ለቤተ ሙከራው ረዳት፣ ለአንድ አዛውንት፣ አደራ ብዬ ሦስት ቀን ሄድኩ።

ስመለስ ዝናቡ አላባራም። ሽማግሌው ከቡሄው ሙልሙል ቆርሰው ሰጡኝ። ገመጥኩት፤ ለብ ያለ ነው።

«በዚህ ብርድ ምን አሞቀው፣ ጋሼ?»

«ያ ማሞቂያሽ ነዋ! ለብልቃጥ የሆነ ለዳቦ አይሆንም?»

የጎረስኩትን መሐረቤ ላይ ተፋሁት። ባክቴሪያው የሚያድግበትን ማሞቂያ፣ ኢንኩቤተሩን፣ ስከፍት ፍርፋሪው በብልቃጦቹ መካከል ተበትኗል፤ የዳቦው መዓዛና የባክቴሪያው ግማት ተቀላቅሎ ፊቴን መታኝ።

«ወይ አንቺ! እኔ ስበላው ሰነበትኩ፤ ይኸው ሞትኩ?» ብለው ሳቁ። «ደግሞ አይዞሽ፤ የዳቦው ሻጋታ ወደ ብልቃጥሽ እንዳይጋባ ብዬ መድኃኒቷን ጠብ አደርግበት ነበር።»

«የትኛዋን?»

አሳዩኝ። አንቲባዮቲኩ ነበር።

«ስንት ቀን?»

«ሦስቱንም።»

ያ መድኃኒት ሻጋታን አይነካም። የነካው የእኔን ጥያቄ ነው፦ ፕላስሚዷን የጣሉት ሁሉ ሞተው፣ የያዙት ብቻ ቀርተዋል።

ለአማካሪዬ ስነግረው ከኮምፒውተሩ ቀና አላለም። «እትዬ፣ ዳቦ ነው ያስቀየመሽ ወይስ ውጤቱ? ውጤቱ እኮ አምሯል። ማን ያያል? የመመረቂያሽ ዲፌንስ ደርሷል።»

ይህ ዙር ካለፈኝ ዓመት መጠበቅ ነው፤ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያገኘሁት ፈቃድም መስከረም ላይ ያልቃል። ከፊቱ ወጥቼ ተቀመጥኩና ጻፍኩ፦ «ፕላስሚዷ ያለ አንቲባዮቲክ ጸንታ ቆይታለች።» አነበብኩት። ዓረፍተ ነገሩ ግድፈት አልነበረውም፤ እንዲያውም ያምራል። ከዳቦው ይልቅ የዘገነነኝ እሱ ነው። ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ፣ በጥሩ አማርኛ አስቤ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት ነው።

ሰረዝኩት። ብልቃጦቹን በሙሉ በእንፋሎት ቀቀልኳቸው። ቤቱ የተቀቀለ ሥጋ ሲበሰብስ የሚሸተውን ሸተተ፤ ሽማግሌው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው «ምነው እቴ፣ ልትፈጂን ነው?» አሉ። ኢንኩቤተሩን በአልኮል ወልውዬ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ከአንደኛው ቀን ጀመርኩ።

በዐሥረኛው ቀን ከመጨረሻው ብልቃጥ ወስጄ በሁለት የማብቀያ ሳህኖች ላይ ዘራሁ። በማግስቱ መድኃኒት የሌለበት ሳህን በባክቴሪያ ጢም ብሎ ነበር። መድኃኒት ያለበት ላይ ግን የበቀለው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ባክቴሪያው ሸክሙን ጥሎታል።

ሁለቱን ሳህኖች አማካሪዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«ለዚህ ነው ዓመት የምታቃጥይው?»

«ለዚህ ነው።»

ፊቴን ሳያይ መመረቂያዬን በዓመት የሚያራዝመውን ቅጽ ፈረመ። መስከረም ላይ ያለ ዲግሪ ወደማስተምርበት ክፍል ተመለስኩ።