የጋሼ ፎር ዊል

የገዛኋት ቀን መኪናዋ ሎሚ ሎሚ ትሸት ነበር። የዛፍ ሎሚ አይደለም፤ በሩ ገና ሲከፈት አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው፣ በሱቅ የሚሸጠው የመኪና ሽቶ ነው። ሁለቱ ከፊት መስተዋቱ ላይ ተንጠልጥለዋል፣ አንዱ ከወንበሩ ኋላ። ሦስት ሽቶ የሚያንጠለጥል ሰው የሚሸፍነው ሽታ እንዳለው ለመጠርጠር ብልህ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን «ደስ ሲል!» አልኩ። ዛሬ ሻይ ውስጥ ሎሚ ጨምረው ሲያመጡልኝ እንኳ ያቅለሸልሸኛል።

አርባ ዓመት ያለፋት፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር የመንግሥት ሠራተኛ ፎር ዊል ምን ይሠራላታል? ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ለዓመታት በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ለገጠር ስዞር የምቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ ነበር፤ በውኃ ጀሪካንና በመጠይቅ ካርቶን መካከል ተሸጉጬ። ጭቃ ሲመጣ ሾፌሩ እጅጌውን ይሰበስብና ማርሹን ያስገባል፤ መኪናው ይንገዳገዳል፣ ይንሸራተታል፣ መጨረሻ ላይ አጓርቶ ይወጣል። ሾፌሩ ይስቃል። እኔ ትውከቴን እየዋጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መሪው በእኔ እጅ ቢሆን! ፕሮጀክቱ ተዘጋ፣ እኔም ቢሮ ገባሁ፤ ምኞቱ ግን አለቀቀኝም። ቅዳሜ ከከተማ ወጥቼ፣ አስፋልቱን ትቼ፣ ጭቃ ውስጥ ራሴ ገብቼ ራሴ መውጣት ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም።

«ጭቃ ለማየት ከሆነ ዝናብ ሲያባራ ወደ ተክለ ሃይማኖት ብትወርጂ አይበቃሽም?» አለች እናቴ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!»

የነዳጅ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አራት ጎማ ያለው ብረት ሁሉ ወርቅ ሆኗል። ደላሎቹ በእኔ አቅም ያሳዩኝ መኪና ሁሉ ወይ ሞተር የለውም፣ ወይ ሊብሬ የለውም፣ ወይ ሁለቱም ኖሮት በር የለውም። ተስፋ ቆርጬ ሳለ ነው ጋሼ ደረጃው ላይ ያስቆሙኝ።

ጋሼን ሁሉም ሰው ጋሼ ይላቸዋል። የሕንፃችን እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። አባቴ ሲሞት ድንኳን ያስተከሉት፣ የመቃብር ቦታውን ተሟግተው ያስገኙት፣ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴን ደግፈው ወደ ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እናቴ ስማቸው ሲነሳ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ግቢው ውስጥ፣ ከጋራ ማብሰያው ጎን፣ በሸራ የተሸፈነች አንዲት አሮጌ ፎር ዊል አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ መኪና ትፈልጊያለሽ አሉ» አሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «በማንም ደላላ እጅ ከምትወድቂ የኔን ውሰጂ። እኔ እንደሆንኩ ዓይኔ ደክሟል፣ አልነዳትም። ላንቺ ቀነስ አድርጌ እተውልሻለሁ።»

ሰው መኪና ሲገዛ መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እኔም አስቤው ነበር። ግን አባቴን በቀበሩ ሰው መኪና ሥር መካኒክ አስተኝቼ በባትሪ ላስፈትሽ? «አላመንኩዎትም» ከማለት በምን ይለያል? እናቴስ በየት በኩል ቀና ብላ ትሄዳለች? ስለዚህ መኪናዋን አንዴ ዞርኳት፤ ወንዶች ሲያደርጉ እንዳየሁት ጎማዋን በጫማዬ መታ መታ አደረግሁ። «ቆንጆ ናት» አልኩ። ውሉን ስንጨርስ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። ያን ያህል ካጎነበስኩ አይቀር ከመኪናዋ ሥር ማየት ነበረብኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በመናገሻ በኩል ወጣሁ። ክረምቱ ገና አልለቀቀም፤ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ጫካው የሚወስደውን የጋሪ መንገድ ያዝኩ። ጥቂት ደቂቃ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጭቃው መስታወቱ ላይ ይረጫል፤ እኔ ብቻዬን እንደ እብድ እስቃለሁ። ከዚያ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገባን። ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ተረከዜ ወለሉን በስቶ ወረደ።

እግሬን ለማውጣት ስታገል ምንጣፉ ተቀደደ። ከሥሩ ያለው ብረት አልነበረም፤ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፣ በስቱኮ ተለስኖ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ስቱኮው እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረካከሳል። ከቆርቆሮው በላይ ደግሞ አይጦች ቤት ሠርተዋል፦ የወንበር ስፖንጅ፣ ፀጉር፣ ኩስ፣ የደረቀ አይጥ። ጭቃው ከታች ሲገባ ያንን ሁሉ አንስቶ ካልሲዬ ላይ አመጣው። የሽንቱ ሽታ ከሎሚው ጋር ተደባለቀ። በሩን ከፍቼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ።

ገፍተው ካወጡኝ ገበሬዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አየና «እመቤት፣ እግርዎ እኮ ከሥር ይታያል» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ይሳቁ፤ እኔም ሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር።

ሰኞ ጌጃ ሰፈር አንድ በያጅ ዘንድ ወሰድኳት። እናቴ ሳታይ ያጠብኩት ካልሲ አልጠራ ስላለ ተጥሏል፤ ሽታው ግን አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቷል። በያጁ ከመኪናዋ ሥር ገባና ወዲያው ሳቁ ተሰማኝ።

«ይቺንማ አውቃታለሁ!» አለ፣ እንደተኛ። «የኔ እጅ ናት። ሽማግሌው ናቸው ያመጧት፣ የልደታው። መኪናዋን የተሸከመው ሻንሲ ዝጎ አልቋል፣ ወለሉም ሙሉ ይቀየር ስላቸው፣ ‹ለሽያጭ ናት፣ ዓይን ካልገባ ይበቃል› አሉኝ። ምንጣፉን ራሳቸው ናቸው ያመጡት፣ አዲስ ምንጣፍ።»

ከሥር ወጥቶ ጫማዬ አጠገብ እንትፍ አለና የራሱን ሥራ በአድናቆት ያይ ጀመር። «አለሳሰኑ ግን አያምርም፣ እህቴ? አንቺ ራስሽ አላወቅሽም እኮ!»

የትኛው እንደባሰብኝ አላውቅም፤ የሱ ኩራት ወይስ የጋሼ ምርቃት። ያንን ምንጣፍ ባመጡበት እጅ ነው የመረቁኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ እኔን ግን የጣለኝ ፈረሱ አይደለም፣ ጉልበቱን ልስም ያጎነበስኩለት ባለፈረስ ነው።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ምስር ትለቅም ነበር፤ እጇ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና መልቀም ጀመረች።

«ሆድ ይፍጀው ብለሽ ተይው» አለች።

«እማዬ፣ እያወቁ ነው የሸጡልኝ! ገደል አፋፍ ላይ ብሆንስ?»

«ሰምቻለሁ። ተይው አልኩሽ። ወንድ ልጅ የለኝ፣ እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝ። አንቺ አንድ ነሽ። ጋሼን በሰው ፊት አዋርደሽ፣ ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ሬሳዬን በዚያች መኪና ጭነሽ ልትሄጂ ነው?»

ተናድጄ ተነሳሁ። ግን እናቴ ሞትን የምትፈራ ሴት አይደለችም፤ የምትፈራው ሰው ሳይከተላት መሄድን ነው። ይህን ስለማውቅ ተስማማሁ። መኪናዋን አሠርቼ እሸጣለሁ፤ ያለባትን ለሚገዛው እነግረዋለሁ፤ ማን እንደሸጠልኝ ግን አልናገርም። ለእናቴ ይህን ቃል ገባሁላት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከአይጡ ጎጆ ይብሱ ነበር። ጋሼ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ይጠብቁኛል፤ ጉንጬን ይስማሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይይዛሉ።

«እንዴት ናት መኪናችን?» ይላሉ።

መኪናችን! እኔም ፈገግ ብዬ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ቢሮ ስደርስ መጀመሪያ የማደርገው ፊቴን በሳሙና መታጠብ ነው። እሳቸውን ተጸየፍኳቸው፤ ፈገግ ያለውን አፌን ደግሞ ከሳቸው አስበልጬ ተጸየፍኩት።

አንድ ደላላ እሑድ ረፋድ ላይ ገዢ ይዞ መጣ። ሰውየው አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ያሉበት ቀበሌ በክረምት መኪና ስለማይገባለት ነው ፎር ዊል የፈለገው። ቁጥብ፣ ትሑት ሰው ነው። ካርቶን ይዞ መጥቷል፤ መሬት ላይ አነጠፈውና ከመኪናዋ ሥር ሊገባ ተንበረከከ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሻንሲውን ራሱ ካየ እኔ ብዙ መናገር አይጠበቅብኝም።

ጋሼ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ሊሞቁ በፕላስቲክ ወንበራቸው ከደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ተነሱና ቀስ ብለው መጡ።

«ምን ትፈልጋለህ ከዚያ ሥር፣ ልጄ?» አሉት በሳቅ። «የኔ ነበረች እኮ። እንደ ልጄ ነው የያዝኳት። ይቺ የጥንት ብረት ናት፣ ያሁኑን ቆርቆሮ እንዳትመስልህ።»

ሰውየው ወዲያው ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ፤ ኮፍያውን አወለቀ። «እርስዎ ካሉማ ጋሼ፣ ምን ቀረ» አለና ካርቶኑን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘው። ማየቱን ተወ። የደላላው ፊት በራ። ያ ኮፍያውን ያወለቀው ሰው እኔ ነበርኩ። ነገ እሱ ደግሞ እናቱን አሳፍሮ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ሻንሲው ሲሰበር ጋሼን ይረግም ይሆናል፣ ወይም እንደ እኔ ፈገግ ብሎ ይኖራል።

«ወንድሜ፣ ግባና እይ» አልኩት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «ወለሉን አሁን ነው ያሠራሁት፤ ስገዛት የዘይት ቆርቆሮ ነበር። ሻንሲው ግን እንደዛገ ነው። ሲሸጡልኝም ያውቁ ነበር።»

ቧንቧው ጋ ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ከሳፋው አወጡ። ደላላው ስልኩን ያይ ጀመር። እኔ ጋሼ የሚቆጡ፣ የሚክዱ፣ በልደታ ማርያም የሚምሉ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። እንደ ሁልጊዜው በዚያ በሚያቀልጥ ድምፃቸው ነው የተናገሩት።

«የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ ጠይቀሽኛል?»

ጋሼ አንድ እርምጃ ቀረቡኝ።

«ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር። ሰው ያልተጠየቀውን ይናገራል እንዴ?» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ጠይቃኝ ብደብቃት እግዜር ይፍረድብኝ።»

«እሱስ እውነታቸውን ነው» አለች አንዷ። «መጠየቅ ነበረባት» አለች ሌላዋ፣ በሳሙና እጇ አገጯን ይዛ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው፣ አልጠየቅኳቸውም። አክብሬያቸው አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸው ደግሞ ያንን አክብሮት ምንጣፍ አድርገው አንጥፈውበታል። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ተጸየፍኳቸው፤ ሴቶቹን፣ ሳፋውን፣ ግቢውን፣ የሚነቀነቀውን ራስ ሁሉ።

ድምፁ የመጣው ከላይ ነው።

«እኔ ጠይቄዎት ነበር።»

እናቴ በረንዳው ላይ ቆማለች። ብረቱን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ አላነሳችውም።

«ውል በተፈራረማችሁበት ቀን ዋዜማ ደጅዎ ድረስ ወርጄ ጠይቄዎት ነበር፣ ጋሼ። ‹ልጄ ብቻዋን ጫካ የምትገባባት ናት፣ የሚደብቁኝ ነገር ካለ ስለ እመቤታችን ብለው ይንገሩኝ› አልኩዎት። ምን አሉኝ?»

ይህን ለእኔም ነግራኝ አታውቅም። ያን ማታ ምስር ስትለቅም እጇ ለምን እንደቆመ አሁን ገባኝ፤ ዋሽተዋት እንደነበር እኔ ስነግራት ነው ያወቀችው። አውቃም ዋጠችው፤ እኔንም አስዋጠችኝ። አሁን እድሩ በሙሉ እየሰማት ነው።

«ምን አሉኝ?» አለች እንደገና።

አስተማሪው ካርቶኑን እንደያዘ ወጣ፤ ደላላው ተከተለው። ሴቶቹ ወደ ሳፋቸው ተመለሱ። ጋሼ እናቴን ቀና ብለው አላዩአትም፤ ወንበራቸውን አንስተው ገቡና በራቸውን ዘጉ። እናቴ ግን መልሳቸውን እየጠበቀች፣ የምሳ ሰዓት አልፎም እዚያው በረንዳው ላይ ቆማ ነበር።