ከአኩሪ አተር ጎን ምን ይተከላል?

የልማት ሠራተኛ ሆኜ ይጁቤ አካባቢ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ ኃላፊዬ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ከረጢት የአኩሪ አተር ዘር ሰጠኝ። “በእሸቱ ተቀቅሎ የሚበላ ነው። ጓሮ ውስጥ ከሌላ ተክል ጋር አሰባጥረህ አሳይ። ዞን ሊጎበኘው ይመጣል፤ እንዳታዋርደኝ!” አለኝ። እሱ ራሱ ዘሩን ከሽምብራ አይለየውም ነበር።

የመረጥኩት የእትዬ ጥሩን ጓሮ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በበጋ ጓሯቸውን የሚያጠጡት ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከሙ ነበር፤ ወገባቸው አልቋል። ጉብኝቱ ካማረ ለሞዴል ጓሮ የተያዘው የውሃ ፓምፕ የእሳቸው ይሆናል።

መሬቱን በዶማ ቆፍረን በፍግ አለሰለስነው። አኩሪ አተሩን ፀሐይ በሚያገኘው መደብ ላይ ዘራን፤ በቆሎውን ነፋስ በሚመጣበት በኩል፣ ድንብላሉን በየመሃሉ። ነጭ ሽንኩርት ከባቄላ ዘመዶች ጋር ስለማይስማማ ወዲያ ማዶ አባረርነው። ፍሬው ሲሞላ እትዬ ጥሩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ችግሩ የመጣው በመኪና ነው። መጀመሪያ የቢሯችን ሱፐርቫይዘር “ለጉብኝት መድረሱን ላረጋግጥ” ብሎ መጣ። እትዬ ጥሩ ከአኩሪ አተሩ ነቅለው፣ በጨው ቀቅለው “በሞቴ፣ ቅመስ!” አሉት። ቀጥሎ ኃላፊዬ የሱፐርቫይዘሩን ማረጋገጫ ሊያረጋግጥ መጣ። በልቶ ሲያበቃ አንድ እቅፍ ለቤቱም አረጋገጠ። ደግሞም ተመልሶ መጣ።

“እትዬ፣ ኧረ በእግዜር! ፓምፑን እኮ እያስበሉት ነው” አልኳቸው።

“ታዲያ እንግዳ እሸት መሃል አቁሜ ባዶ እጁን ልሸኝ? የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?” ብለው ተቆጡኝ።

የዞኑ ቡድን መሪ በጉብኝቱ ቀን ሲደርሱ በቆሎው ቆሟል፣ ድንብላሉ አብቧል፤ አኩሪ አተር ግን ከአንዲት እግር በስተቀር የለም።

“ምን በላው?” አሉ።

“ተባይ ነው ጌታዬ” አለ ኃላፊዬ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

“አዎ፣ በመኪና የሚመጣ ተባይ!” አልኩ። ሾፌሩ ብቻ ሳቀ። ቡድን መሪው እንዳልሰማ ሆኑ።

እትዬ ጥሩ ይሄኔ ያቺን የቀረችውን ነቀሏት። “በሞቴ፣ ይቺንስ ሳይቀምሱ አይሄዱም!”

ጉድ እኮ ነው፣ ሰውዬው ተቀቅላ እስክትመጣ ጠበቁ። በሉ፣ ጣታቸውን ጠረጉ። “ጣዕሙ ግሩም ነው። ለሞዴልነት ግን ምርቱ አነሰ” አሉ። ፓምፑ ሌላ ቀበሌ ሄደ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩን ወንዝ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጀሪካናቸውን አውርደው ወገባቸውን ይዘዋል። “ሰውዬው ግን ወደዱት፣ አይደል?” አሉኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ወጣት ባለሙያዎች ከአኩሪ አተር ጎን ምን ይተከላል እያሉ ይጠይቁኛል። በቆሎ ከነፋስ ይከልለዋል፤ ድንብላል ተባይ ይቀንስለታል። ከጎብኚ የሚከልለው ተክል ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ አላገኘሁም።