ከጥዱ ላይ የተንጠለጠለው ቸርኬ

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አሰላ ውስጥ ከእኔ በላይ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም ነበር። የትምህርት ቤታችን ደወል ከጥድ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው ጉልበታቸውን ሲያማቸው መምቻውን ብረት ለእኔ ሰጡኝ። ጠዋት የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው፣ ኪሴ ውስጥ ትኩስ የገብስ ቆሎ ይዤ ሦስቴ እመታዋለሁ። ያ ሁሉ ተማሪ በእኔ እጅ ሲሯሯጥ ሳይ ልቤ ያብጥ ነበር። ያ ጠዋት ዛሬም ይናፍቀኛል።

ዴስክ የምጋራት ጓደኛዬ ታበሽቀኛለች። «ቸርኬ ባትመቺ ማን ያውቅሽ ነበር?» ትለኛለች፤ ቆሎዬን ግን ከእኔ እኩል ትበላለች።

አንድ ቀን ከመናኸሪያው በኩል ተኩስ ተሰማ። መምህራችን «ሳታቋርጪ ደውዪ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሩጥ!» አሉኝ። ግቢው ባዶ እስኪሆን ቀጠቀጥኩት። ጓደኛዬ ደወሉን ከኋላዋ እየሰማች ስትሮጥ፣ አንድ ሰው በጥይት ተመትቶ ከፊቷ ወደቀ።

ትምህርት እንደገና ሲጀመር መጣች። ግን ደወል በመታሁ ቁጥር ደብተሯን ጥላ ከክፍል ወጥታ ትሮጣለች፤ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆማ ታለቅሳለች። ልጆቹ ሳቁባት። እኔ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ተናደድኩባት፤ ደወሉ የእኔ ነበራ።

«ምንም እንደሌለ እያወቅሽ ለምን ትሮጫለሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ እግሬ ነው እምቢ የሚለኝ። ማሎ፣ እባክሽ ቀስ አድርገሽ ምቺው።»

ቀስ አድርጌ መታሁት። አሁንም ሮጠች። የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ ነበር፤ እናቷ ግን እንዲህ ከምትሆን ቤት ትቀመጥልኝ ማለት ጀመሩ።

መላ ያመጡት ዘበኛው ናቸው። «ብረቱን ለእሷ ስጫት። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ራሷ ትወቀው» አሉኝ። ከፋኝ፤ ግን ሰጠኋት። አጠገቧ ቆሜ ሳለ አንዴ ነካ አደረገችው። እግሯ ከጥዱ ሥር አልተነቃነቀም። ሳምንት ሳይሞላ ከእኔ አስበልጣ ትቀጠቅጠው ጀመር።

«አሁንስ ባለሥልጣኑ ማነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ያ ሳቅ እንዴት ናፍቆኝ እንደነበር!

ሰኞ ዕለት ብቻዋን እንድትደውል ትቻት ክፍል ገባሁ። ከተኩሱ ቀን ወዲህ ደወሉን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ዘና ብዬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። ቸርኬው ጮኸ። ቆሎው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እኔ ራሴን ያገኘሁት አጥሩ ጋ ነው።

ጓደኛዬ ብረቱን እንደያዘች ወደ እኔ መጣች። አልሳቀችብኝም። እስከ ፈተናው ድረስ ብረቱን ሁለታችን ይዘን ደወልን።