የሊስቤት ልደት

በዴቨንተር ከተማ፣ ሰው ሳይታወቀው አንጎሉ ውስጥ ስለሚያልፍ ትንንሽ ስትሮክ በሚጠናበት ክፍል፣ ከወንዙ የተነሣው ጭጋግ መስኮቱን ሸፍኖታል። ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑ አዛውንቶች ቡናና አንዳንድ ብስኩት ይዘው ተቀምጠዋል። ላየው ሰው፣ እንግዶች እንዲህ ክብ ሠርተው የሚቀመጡበትን የአገሩን የልደት ግብዣ ይመስላል።

ከፈቃደኞቹ አንዱ የሆነ ሽማግሌ ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ከረባቱን ግን በሕፃን ልጅ የፀጉር መያዣ አያይዞታል። እዚያ አገር እንኳን አደረሰህ የሚባለው ልደተኛው ብቻ ሳይሆን የተሰበሰበው ሁሉ ነውና፣ እየዞረ ጨበጣቸው።

«እንኳን ለሊስቤት ልደት አደረሳችሁ።»

ግራ ቢገባቸውም አፋቸው ለምዶታልና «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉት። አንዲት አሮጊት ብስኩቷን ገምሳ ሰጠችው።

የአንጎል ምስል የምታነሳው ሪንስከ ከመስታወቱ ኋላ ሆና ታየው ነበር። «ስትሮኩ ይኼንን ሳይነካው አልቀረም» ብላ አዘነች። ተራው ሲደርስ ተቀበለችው።

«አባባ፣ ብረት ይዞ መግባት አይቻልም።»

መያዣዋን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረላት። ቀለሟ የለቀቀ ቢራቢሮ ናት።

«የልጄ የሊስቤት ናት። አደራ፣ የኔ ልጅ።»

«ስንት ዓመት ሞላት?»

ፈገግ አለ። «ዘንድሮም አራት።»

ምስሉ ሲወጣ ሪንስከ ደጋግማ አየችው። አንጎሉ ንጹሕ ነው፤ አንዲት ጠባሳ እንኳ የለበትም።

ሰውየው ከመሣሪያው ሲወርድ ቢራቢሮዋን ራሷ ከረባቱ ላይ መለሰችለት፤ ከዚያም እጇን ዘረጋች።

«እንኳን ለሊስቤት አደረሰዎት።»